ጉድጓዱ ላይ «ሆል» ተብሎ ተጽፎ ነበር፦ የአንድ የሜሪላንድ ሳይት የደህንነት ሥልጠና

ይህን ጉዳይ እንድጽፈው የጠየቀኝ የወደቀው ልጅ ራሱ ነው። የእሱን፣ የድርጅቱንና የሕንፃውን ስም አልጠቅስም። ማንም እንዳይለይ ብዬ ጥቂት ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ። የነገሩን አካሄድ ግን አልነካሁም።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ አናጢ ነበርኩ። አሁን በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የግንባታ ሠራተኞችን የሥራ ደህንነት አሠለጥናለሁ። እዚህ ሳይት የተጠራሁት ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምጠራውም እንደዚያ ነው።

## ሳይቱና ሰዎቹ

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ባለአራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው። ውስጡ ፈርሶ ወደ አፓርታማ እየተቀየረ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2024 መጀመሪያ። የማፍረሱን፣ የጂፕሰም ቦርዱንና የቀለሙን ሥራ የያዘው ትንሽ ሰብ ኮንትራክተር ነው። ባለቤቱ አበሻ ነው። 17 ሠራተኞች ነበሩት፦ አሥር ኢትዮጵያውያን፣ ሁለት ኤርትራውያንና አምስት የኤልሳልቫዶር ሰዎች። ፎርማኑ ከአምስቱ አንዱ ነው። እንግሊዝኛውን እንደ እኛው ሥራ ላይ ለቅሞ የተማረ ነው።

በዚህ አካባቢ አበሻ ሲባል ታክሲ፣ ፓርኪንግና ሆም ኬር ነው የሚታሰበው። ኮንስትራክሽን ውስጥ ጥቂት ነን። ሳይቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ጭምር እንዲያገለግሉ ተደርጓል። ግንባታ ሳይት ግን መሥሪያ ቤት አይደለም።

ከአሥሩ ስድስቱ አገር ቤት ኮንስትራክሽን ሠርተዋል። የባህር ዛፍ አጣና ላይ ቆሞ አምስተኛ ፎቅ የለሰነ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ከፍታ ስታስተምረው በትሕትና ያዳምጥሃል። በልቡ ግን «ይሄ ደግሞ ምን ሊለኝ ነው» ይላል። አልፈርድበትም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉልኝ። አብዛኞቹ ሥራውን ያገኙት በዘመድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ትውውቅ ነው። ባለቤቱ ለአንዱ የመጀመሪያ ወር የቤት ኪራይ ከፍሎለታል። ሌላውን ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት የተቀበለው እሱ ነው። እንዲህ ያደረገልህን ሰው «ይሄ ቦታ አያስተማምንም፣ አልወጣም» ለማለት አፍ ይያዛል። ይሉኝታ የሚባለው ይኼው ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀል ነበር።

## የወደቀበት ጠዋት

የካቲት አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወለል ላይ የአየር ቱቦ የሚያልፍበት ጉድጓድ ተቆርጧል። ስፋቱ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው ወለል 3 ሜትር ይርቃል። ጉድጓዱ በኮምፔንሳቶ ተከድኗል። ላዩ ላይ በብርቱካንማ ስፕሬይ በእንግሊዝኛ «ሆል» ተብሎ ተጽፏል፤ ጉድጓድ ማለት ነው።

ፎርማኑ ልጁን ጠርቶ የተራረፉትን ኮምፔንሳቶዎች ለቅሞ ወደ «ሆል» እንዲያወጣ አዘዘው። ኮሪደሩን ማለቱ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ሁለቱን ቃላት ይለያቸዋል። የእኛ ጆሮ አይለያቸውም። አገር ቤትም «ሆል» የምንለው አዳራሹን ነው።

ልጁ ያነባል። አራቱን ፊደላት አንድ በአንድ አነበባቸው። «ሆል ሲል ሳየው፣ ወደ ሆል የሚሄደው ይሄ ነው አልኩ» አለኝ። እንዲያውም ምልክቱን አክብሮ ነው የወደቀው።

ኮምፔንሳቶውን በሁለት እጁ አንስቶ ደረቱ ላይ ደገፈው። ሰሌዳው ፊቱን ስለጋረደው እግሩ ሥር ያለው አይታየውም። አንድ እርምጃ ነው የሄደው። ቀኝ እግሩ ገባ፣ ወገቡ ተከተለ። ኮምፔንሳቶው ጉድጓዱ ላይ አግድም ወደቀና ብብቱ እሱ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት ልጆች ሮጠው ጎትተው አወጡት። የቅልጥሙ ቆዳ ተገፎ ነበር። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል። ድንገተኛ ክፍል ታክሞ ማታውኑ ቤቱ ገባ። ሦስት ሳምንት ሥራ አልሠራም።

ሆስፒታል ተኝቶ ቢሆን ኖሮ አሠሪው በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ ነበረበት። ሞት ቢሆን በ8 ሰዓት። አልተኛምና ማንም አልመጣም። ልጁ የተረፈበት 3 ሜትር፣ ሌላ ሳይት ላይ ሌላ ሰው የሞተበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ ከሞቱት 5,283 ሰዎች 1,075ቱ የሞቱት ኮንስትራክሽን ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ቀዳሚው ገዳይ መውደቅ ነው።

## ወረቀቱ ሁሉ ነበር

በተጠራሁ ማግሥት ፋይሉን አየሁት። ምንም የጎደለ ነገር የለም። ልጁ ኪሱ ውስጥ የኦሻ፣ ማለትም የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የ10 ሰዓት ሥልጠና ካርድ ነበረው። ከአራት ወር በፊት ሁለት ቀን ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ነው የወሰደው። ሳይቱ ላይ ሲጀምርም አንድ ገጽ የደህንነት መመሪያ ላይ ፈርሟል። ከሁለቱ ቀን ምን እንደሚያስታውስ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና «ሄልሜት» አለኝ።

እዚህ ላይ ሕጉን ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ካርዱን እንደ ፈቃድ ያየዋልና። ካርዱ መነሻ ግንዛቤ ነው። አሠሪው ለእያንዳንዱ ሥራ መስጠት ያለበትን ሥልጠና አይተካም። ኦሻ ሚያዝያ 28 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ ሥልጠና ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና በሚረዳቸው ቃላት መሰጠት እንዳለበት ግልጽ አድርጓል። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ሰጥቶ «አንብብ» ማለት ሥልጠና አይባልም።

አካባቢያችን ላይ ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። ዲሲ በፌዴራሉ ኦሻ ሥር ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን የየራሳቸው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት አላቸው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ ሦስቱም ጋ ሊሠራ ይችላል። አቤት የሚልበትን ቦታ ቢያጣ አይገርምም።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። ሕጉ ክዳኑ ላይ «ጉድጓድ» ወይም «ክዳን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል እንዲጻፍበት፣ ካልሆነም በቀለም እንዲለይ ይላል። ይህ ተደርጓል። ክዳኑ ሊያርፍበት ከሚችለው ሰውና ዕቃ ክብደት ቢያንስ እጥፉን መቻል አለበት። ይህም ነበረ። ሦስተኛው ግዴታ ክዳኑ በድንገት እንዳይነሳ መታሰር ነው። ይህ አልነበረም። አንድ ብሎን እንኳ አልገባበትም። ልጁ የእንግሊዝኛ ሊቅ ቢሆን ኖሮ ባልወደቀ ነበር ይባል ይሆናል። ክዳኑ ቢታሰር ግን ፊደል ያልቆጠረም አይወድቅም። ይህን ለባለቤቱ ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «አራት ብሎን» አለ፣ ለራሱ።

## የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ

የመጀመሪያውን ሥልጠና ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የከሸፈውም በእኔው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠራኋቸው። ባለቤቱ ለቅዳሜው እንደማይከፍል ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ከ17ቱ ዘጠኝ መጡ። የቀሩት ኡበር እየነዱ ነበር። (አሠሪ ግዴታ ያደረገው የሥራ ሥልጠና ሰዓቱ ይከፈላል። ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።)

የእንግሊዝኛውን ስላይድ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ነበር። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ሌሊት ታግዬበታለሁ። ከመውደቅ መከላከል የሚለውን «የውድቀት መከላከያ» አልኩት። ከኋላ አንዱ «የአዳምን ነው?» አለና ሁሉም ሳቀ። ሃርነሱን፣ ማለትም ከፍታ ላይ እንዳትወድቅ ሰውነትህ ላይ የምታስረውን ማሰሪያ፣ ደግሞ ከመዝገበ ቃላቱ ወስጄ «ልጓም» ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሃርነስ የለበሰ ሰው ሁሉ ባልደረባው ሲያልፍ እንደ ፈረስ ያሽካካለታል። ቃሉን ራሳቸው ቢመርጡት ኖሮ «ቀበቶው» ይሉት ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው የሚሉት።

ፎርማኑ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አማርኛ አይሰማም፤ ግን መቀመጡ ብቻ በቂ ነው። «ጥያቄ አለ?» ስል «የለም» አሉ። «ገባችሁ?» ስል «እሺ» አሉ። መጨረሻ ላይ አሥር ጥያቄ ያለው ፈተና ሰጠሁ። ዘጠኙም ከአሥር ዘጠኝ አመጡ። ዘጠኙም የሳቱት ጥያቄ 7ን ነው። ዘጠኙም «ለ»ን መርጠዋል።

ሰኞ ዕለት ሳይቱ ላይ ወጥቼ፣ የተከደነ ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ፣ ከዘጠኙ ሦስቱን ለየብቻ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዱ ብቻ መለሰ።

## ሁለተኛው ሙከራ

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (ማርች 11) ሰኞ እንደገና ጀመርን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 15 ደቂቃ፤ ለስድስት ሳምንት። ሰዓቱ ይከፈላል። ባለቤቱ በካልኩሌተር ሲያሰላው 76 ሰዓት ከግማሽ መጣበት። ተንፍሶ ተስማማ። ለአምስቱ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሌላ አሠልጣኝ ተገኘ።

በአራት በአራት ሰው ከፈልኳቸው። ስላይድ የለም፣ ፎርማን የለም። ቆመን የምንማረው ዕቃው ባለበት ቦታ ነው። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ለራሴ ከለከልኩ። በምትኩ «አሳየኝ» እላለሁ። የሚያሳየው ሰው አሠልጣኝ ይሆናል፣ እኔ አዲስ ገቢ እሆናለሁ። ሆን ብዬ እሳሳታለሁ።

መሰላሉን እንውሰድ። ተዘርጊ መሰላል ጫፉ ካረፈበት ከፍታ አራት እጅ ብትወስድ፣ እግሩ ከግድግዳው አንድ እጅ መራቅ አለበት። ጣራ ላይ የምትወጣበት ከሆነ ጫፉ ከጣራው 3 ፊት፣ ማለትም 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለፍ አለበት። ይህን በቃል ስናገር አንገት ይነቀነቅልኛል። መሰላሉን አቅርቤ «ትከል» ስል ግን ከአራቱ ሦስቱ ቀጥ አድርገው ተከሉት። አንዱ ልጅ ዘዴ አገኘ፦ የጫማህን ጫፍ መሰላሉ እግር ላይ አድርገህ፣ ክንድህን ወደፊት ስትዘረጋ መዳፍህ መወጣጫው ላይ ካረፈ ልክ ነው። ይህን ዘዴ ባለሙያዎች ያውቁታል። እሱ ግን ራሱ አገኘሁት ብሎ ስለሚያምን ለሁሉም እየዞረ ያስተምራል። አላረምኩትም።

የፊትና የሜትር ነገርም ነበር። ኮንስትራክሽን ውስጥ 6 ፊትና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን በአብዛኛው ከመውደቅ የሚከላከል ነገር ያስፈልጋል። 6 ፊት ለእኛ ሰው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር ከ83 ላይ ቀይ መስመር አሰመርን። «ከጋሼ አናት በላይ» ሆነ መጠሪያው።

ጋሼ የሚባሉት የቡድኑ አንጋፋ ናቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ነው። መሰላል የመጨረሻው እርከን ላይ ቆመው ኮርኒስ ይቀባሉ። ማንም አፉን ሞልቶ «ይውረዱ» አይላቸውም። ልጆቹን ብወቅስ ከንቱ ነበር። ስለዚህ ወደ ጋሼ ሄጄ «የመሰላል ነገር በእርስዎ ይሁን፣ ልጆቹ እርስዎን ነው የሚሰሙት» አልኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት መሰላሎቹን ሁሉ አስተኝተው አንድ በአንድ ሲፈትሹ አገኘኋቸው። የተሰነጠቀ እግር ያለውን አንዱን ራሳቸው ሰብረው ጣሉት። ባለቤቱ ብቻ ቅር አለው።

ክዳኖቹን በተመለከተ ሥልጠና አላስፈለገም። ሁሉም በአራት ማዕዘን በብሎን ታሰሩ። ቀይ ኤክስ ተቀባባቸው። ላያቸው ላይ በሦስት ቋንቋ ተጻፈ። አማርኛውን «ጉድጓድ» ብሎ የጻፈው ከሦስት ሳምንት ዕረፍት የተመለሰው ልጅ ነው። በትልቁ፣ ለቆርቆሮ አጥር እንደሚጻፍ ማስታወቂያ።

## እምቢ ማለትን መለማመድ

ይህ ክፍል ነው ብዙ ጊዜ የወሰደብን።

ሦስት የእንግሊዝኛ አባባል ብቻ አስጠናሁ፦ «ስቶፕ»፣ «ኖት ሴፍ»፣ «ሾው ሚ»። ከዚያ እኔ ፎርማን ሆኜ እጮሃለሁ። «ሃሪ አፕ! ውጣ!» የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ሳቁና ወጡ። ጨዋታ ነው፣ የሚቀጣቸው የለም፣ ግን ወጡ።

መጀመሪያ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። መሰላሉ ሥር ቆማ ዓይኔን እያየች «ስቶፕ» አለችኝ። ደነገጥኩ። የት ተማርሽው ስላት «ቤይሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እምቢ ማለት ካልቻልሽ እዚያ አትተርፊም» አለችኝ።

እሷን መጀመሪያ ከሥልጠናው ዝርዝር ውጭ አድርጌያት እንደነበር መናገር አለብኝ። «ጽዳት ናት» ብዬ። አቧራውን በደረቁ በመጥረጊያ የምትጠርገው እሷ ናት። ኮንክሪት የተቆረጠበት አቧራ ሲሊካ አለው፤ ሳንባ ይበላል። በእርጥብ ወይም ማጣሪያ ባለው ቫኩም ማንሳት እየተቻለ እንዲህ ያለውን አቧራ በደረቁ መጥረግ ክልክል ነው። ይህን ያወቅኩት ደንቡን ከፍቼ ሳይሆን፣ እሷ «ማታ ማታ ያስለኛል» ስትል ነው። ደንቡን ከዚያ በኋላ ነው ለባለቤቱ የከፈትኩለት።

ቃሉ ብቻውን ግን አይበቃም። ባለቤቱ ሁሉም ባሉበት፣ በራሱ አፍ፣ ሥራ ያቆመ ሰው ደመወዙ እንደማይነካ እንዲናገር ጠየቅኩት። ተናገረ። ማንም አላመነውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ልጅ የደረጃው መከላከያ አጥር ተነስቶ አግኝቶ ጂፕሰም አላሳልፍም አለ። ሥራው 40 ደቂቃ ቆመ። ፎርማኑ በስፓኒሽ ብዙ ነገር አለ። ባለቤቱ ደረሰ፣ አጥሩን አስተከለ፣ 40 ደቂቃውንም ከፈለ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው «ስቶፕ» የሚለውን ቃል ያለ እኔ ግፊት መስማት የጀመርኩት።

## ጾሙና ድልድዩ

የጀመርንበት ሰኞ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም የገቡበት ቀን ነበር። በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ነው የገጠሙት። ከአሥሩ ሰባቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ እስከ ማታ ውሃም የለም። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ አንዱ ስካፎልድ ላይ ሳለ ዓይኑ ጭልም አለበት። ቁጭ በማለቱ ተረፈ። ፎርማኑ ጾም መኖሩን አላወቀም፤ የነገረው የለም። ከዚያ ወዲያ የከፍታ ሥራ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ተደረገ። ይህ የትኛውም የሥልጠና ማኑዋል ውስጥ የለም። ማንንም «ጹም» ወይም «አትጹም» አላልኩም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ነው የተቀየረው።

ማርች 26 ሌሊት ባልቲሞር ላይ መርከብ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ገጭቶ ጣለው። ድልድዩ ላይ ጉርብጥብጥ አስፋልት ሲደፍኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤልሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ምንም አላስተማርኩም። ፎርማኑ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር። ጋሼ ሄደው ትከሻውን ያዙት። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አይችሉም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር መቆም ጀመረ፤ የሚከለክለውም ጠፋ።

## ያልተሳካው

የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ሁለቱን ኤርትራውያን በአማርኛ ነበር የማሠለጥናቸው። «አማርኛ ትሰማላችሁ?» ስል «እሺ» ብለው ነበር። ታላቁ ይሰማል። ታናሹ ግን አራት ሳምንት ሙሉ አንገቱን እየነቀነቀ ከአሥር ቃል ሁለቱን ብቻ ነበር የሚይዘው። ያወቅኩት ሃርነሱን ሲያለብሰኝ ነው፤ የእግር ማሰሪያውን ትከሻዬ ላይ አጠለቀው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እኛ ላይ የሠሩትን ስህተት እኔ እሱ ላይ ደገምኩት። ያውም ስለዚህ ስህተት እያስተማርኩ።

የሠራተኛ መለዋወጡንም አልቻልነውም። በሁለት ወር ውስጥ ካሠለጠንኳቸው አራቱ ሌላ ሥራ አገኙ። የተተኩት አዲሶች ናቸው። ጋሼ የመሰላሉን ነገር ያሳዩአቸዋል፤ ሌላውን የሚያሳያቸው የለም። ጋሼ ራሳቸው ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው እርከን ላይ ቆመው አየኋቸው። ሲያዩኝ ወረዱ። ልጆቹ አሁንም ለእሳቸው «ስቶፕ» አይሉም።

ያልተፈታ የገንዘብ ነገርም ነበር። ልጁ የሚከፈለው 1099 በሚባለው የግብር ቅጽ ነው፤ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ራሱ ኮንትራክተር። ስለዚህ የሕክምናው ቢል ቤቱ መጣ። ባለቤቱ በጥሬ ገንዘብ ሊሸፍንለት ፈልጎ ነበር፤ ከልቡ ነው። ነገር ግን ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ኮንስትራክሽን ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ሌላ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ተቀጣሪ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው። ልጁ ጠበቃ አማክሮ የካሳ ጥያቄ አስገባ። ባለቤቱ አንድ ወር አኮረፈው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ተቀጣሪነት አዞራቸው፤ ኢንሹራንሱ ጨመረበት። አሁን ይነጋገራሉ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

## ለሌላ ሳይት የሚሆን

ሥልጠና ከመጥራታችሁ በፊት ቦታውን አስተካክሉ። አራቱ ብሎኖች ከእኔ ስድስት ሳምንት ይበልጣሉ፤ ይህን የምለው በሥልጠና እንጀራዬን የምበላ ሰው ሆኜ ነው። ባለቤቶች ሥልጠና የሚወዱት ጥፋቱን ወደ ሠራተኛው ጭንቅላት ስለሚያዞርላቸው ጭምር ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ክፈሉ። ቡድኑን አሳንሱ። ሠራተኛው ራሱ ለዕቃው ያወጣለትን ስም ተጠቀሙ፤ «ኮምፔንሳቶ» የሚል ሰው ፊት «የተነባበረ እንጨት» አትበሉ። ምልክት በቃል ብቻ አይሁን፣ ቀለምና ቅርጽ ይኑረው። የጾሙን፣ የሰዓት አቆጣጠሩንና የፊቱን ነገር ፎርማኑ ይወቅ። የሥራ ፈቃድ የሌለውም ሠራተኛ ቢሆን በእነዚህ ሕጎች እንደሚሸፈን በግልጽ ይነገር፤ ይህን ሳይሰማ የሚናገር ሰው አይገኝም። አደጋ ጠቁሞ የተበቀሉት ሰው ለፌዴራሉ ኦሻ የበቀል አቤቱታ የሚያቀርብበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ምክር ጠይቀው ሳይጨርሱ ያልፍባቸዋል።

ቋንቋን በተመለከተ «ትሰማለህ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። አሁን የምጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጣትህን በመዶሻ ስትመታ በምን ቋንቋ ነው የምትሳደበው? ሰዉ ይስቃል፣ ግን እውነቱን ይናገራል። ለታናሹ ኤርትራዊ በትግርኛ የሚያስተረጉምለት ታላቁን መድቤለት ነበር፤ ትንሽ ተሻለ፣ ግን አሁንም የሆነ ነገር ይቀረዋል። ጥያቄውን ሳቀርብለት አፍሮ መሬት መሬት አየ። ያደገው ካርቱም ነው።

«በዓረብኛ» አለኝ።